ከቮልቱ በፊት ግድግዳው፦ የባትሪ ድሪል አመራረጥ ለቀራንዮ ቤቶች

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከባሕር ዛፍና ከጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት፣ በብሎኬት የተገነባ ግቢና በአርማታ ምሶሶ ላይ የቆመ ኮንዶሚኒየም በአንድ ሠፈር ጎን ለጎን ይገኛሉ። በባትሪ የሚሠራ ድሪል ለመግዛት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የሚበሳው ነገር ከእነዚህ የትኛው ነው የሚለው ሲሆን፣ በገበያ ላይ ግን ሻጩም ገዢውም ዐይናቸውን የሚጥሉት በዕቃው ላይ በትልቁ የታተመው የቮልት ቁጥር ላይ ነው። በዚህ የተነሣ አንዱ አቅሙን ፈጽሞ የማይጠቀምበትን ውድ መሣሪያ ይገዛል፤ ሌላው ደግሞ አርማታ ላይ ፑንታ፣ ማለትም የድሪሉን መብሻ ብረት፣ ከማጋል ያለፈ ነገር የማይሠራ ዕቃ ይዞ ይገባል።

ብሎኬት ጠንካራ ቢመስልም ፑንታን የሚያስቸግር ቁስ አይደለም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚመረተው ብሎኬት በአብዛኛው ሲሚንቶና አሸዋ ከፑሚስ ጋር ተደባልቀው የሚሠሩት ሲሆን፣ ፑሚስ ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች የወጣ፣ ጋዝ በውስጡ አረፋ እንደፈጠረ የቀዘቀዘ ቀላል ድንጋይ በመሆኑ በቀላሉ ይፈረፈራል። ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ይህ ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ፑንታው የሚያገኘው ጠጣር አካል ልስኑና ጥቂት ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የብሎኬቱ ገላ ብቻ ነው። ስለዚህ ድሪሉ እንዲመታ የሚያደርገውን ክፍል አጥፍቶ በማዞር ብቻ መብሳት ይበቃል፤ እየመቱ ከበሱት ግን የቀዳዳው የውስጥ ጠርዝ ተገንጥሎ ስለሚሰፋ ፊሸሩ፣ ማለትም ብሎኑ እንዲነክስ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የመጋረጃው ብረትም ብዙ ሳይቆይ ይወርዳል። ብዙ ቤት ውስጥ በድሪሉ ደካማነት የሚሳበበው ጥፋት በእውነቱ ከሚገባው በላይ የመምታት ውጤት ነው።

አርማታ ሌላ ጉዳይ ነው። ጠጠሩ ባብዛኛው ከተፈጨ ጥቁር ድንጋይ ማለትም ከባዛልት የሚገኝ፣ በውስጡም ፌሮ የታሰረበት በመሆኑ፣ ያለ ምት የሚዞር ፑንታ ይግላል እንጂ አይገባም። ጠጣርና ተሰባሪ ቁስ የሚበሳው ጫፉ በተከታታይ ሲመታ ጥቃቅን ስንጥቆች እየተፈጠሩ፣ ዱቄቱም በፑንታው ጠመዝማዛ እየተጠረገ ሲወጣ ነው። ይህን ለማድረግ ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። ምት ባላቸው የተለመዱ የባትሪ ድሪሎች ላይ የመዶሻ ሥዕል ያለበት ቦታ ሲመረጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች ይገናኙና፣ አንዱ በሌላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ፑንታውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ምቱ በደቂቃ ከ20,000 በላይ ሊደርስ ቢችልም እያንዳንዱ ምት ደካማ ነው፣ ብርታቱም የሠራተኛው እጅ በሚገፋው መጠን ይወሰናል። በሁለተኛው አሠራር በተዘጋ ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን አየር ይጨምቃል፣ የተጨመቀው አየርም አንድ ብረት ወርውሮ የፑንታውን ጀርባ ያስመታል፤ ምቶቹ በደቂቃ ጥቂት ሺዎች ብቻ ቢሆኑም በጁል የሚለካው የእያንዳንዳቸው ጉልበት እጅግ የላቀ ስለሆነ እጅ ብዙ መግፋት አያስፈልገውም። ይህኛው መሣሪያ ቦሽ በ1975 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀውና ኤስ.ዲ.ኤስ. በሚባለው፣ ጎድጎድ ያለ መስመር ባለው የፑንታ ጅራት ይለያል። በዓመት ሦስት አራት ቀዳዳ በምሶሶ ወይም በጣሪያ አርማታ ላይ ለሚያስፈልገው ቤተሰብ ይህን መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ መሣሪያው ያለውን ባለሙያ ጠርቶ ማስበሳት ይሻላል።

ከኮልፌ አጠና ተራ ተገዝቶ ለአጥር፣ ለጣሪያና ለዶሮ ቤት የሚውለው ባሕር ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው። ዛፉ ቆሞ ሲያድግ የውጭው እንጨት በመሳብ፣ የውስጡ በመጨመቅ ተወጥሮ ስለሚቆይ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሳለ ሚስማር የሚቀበለው ግንድ ሲደርቅ ሚስማሩን ያጥፋል ወይም ራሱ ይፈነከታል። መፍትሔው ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ አስቀድሞ መብሳት ሲሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው ምት ሳይሆን የመጠምዘዝ ኃይል ማለትም ቶርክ ነው። ቶርክ በኒውተን ሜትር ይለካል፤ ለቤትና ለጓሮ ሥራ ከ30 እስከ 50 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ሆኖም በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ድሪሉ ጠጣር ነገር ላይ ደርሶ ድንገት ሲቆም የሚለካው ከፍተኛው ስለሆነ፣ እንጨት ውስጥ ረጅም ብሎን ሲጠመዘዝ የሚገኘው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ፑንታውን ከሚይዘው የድሪሉ አፍ ጀርባ ያለው ቁጥር የተጻፈበት ቀለበትም ሊናቅ አይገባም፤ ቶርኩ ከተመረጠው ልክ ሲያልፍ ማርሹን አላቆ ድምፅ እያሰማ የሚያስቆመው እርሱ ነው፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ሲመታ የብሎኑ ጎማ ተጨፍልቆ ዝናብ እንዳያስገባ የሚጠብቀውም ይኸው ቀለበት ነው።

አሁን ወደ ቮልቱ መመለስ ይቻላል። ብላክ ኤንድ ዴከር በ1961 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የባትሪ ድሪል ለገበያ ሲያቀርብ የተጠቀመው ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነበር፤ ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለንግድ ያበቃው የሊቲየም አዮን ባትሪ ከ2005 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የእጅ መሣሪያዎችን ተረክቧል። አንድ የሊቲየም አዮን ሴል ሥራ ላይ ሳለ በአማካይ 3.6 ቮልት፣ ሙሉ በሙሉ ሲሞላ ደግሞ 4.2 ቮልት ይሰጣል። አምስት ሴሎች በተከታታይ ሲያያዙ አማካዩ 18፣ ሙሉው 21 ቮልት ይሆናል፤ ስለዚህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ 18፣ 20 እና 21 ተብለው የተለያየ ደረጃ ያላቸው የሚመስሉት ድሪሎች በአብዛኛው ባትሪያቸው አንድ ነው። 12 የተባለውም የሦስት ሴል ድምር ነው። በአንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የሚታተመው 48 ወይም 88 ግን ብዙ ጊዜ ማታለያ ሲሆን፣ እውነቱን ለማወቅ መሣሪያውን መፍታት አያስፈልግም፤ ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል። 21 ቮልት የሚያወጣ ቻርጀር 48 ቮልት ባትሪ ሊሞላ አይችልም፤ ጽሑፉ 12.6 ካለ ውስጡ ያሉት በተከታታይ የተያያዙ ሦስት ሴሎች ናቸው።

ከቮልቱ ይልቅ የሚጠቅመው የዋት ሰዓት ስሌት ነው፤ ቮልቱ በአምፒር ሰዓት ሲባዛ ባትሪው የያዘው የኃይል መጠን ይገኛል። 18 ቮልት በ1.5 አምፒር ሰዓት 27 ዋት ሰዓት፣ በ4 አምፒር ሰዓት ደግሞ 72 ዋት ሰዓት ነው። ትልቁ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሁለት ረድፍ ሴሎች ስላሉት ብርታትም ይጨምራል። በሴል ውስጥ የሚባክነው ሙቀት የሚያድገው በኤሌክትሪኩ መጠን ካሬ ነው፤ ድሪሉ 30 አምፒር ቢጠይቅ በአንድ ረድፍ እያንዳንዱ ሴል 30 አምፒሩን ብቻውን ይሸከማል፣ በሁለት ረድፍ ግን 15 ብቻ ስለሚደርሰው በአንዱ ሴል የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ሙቀት ደግሞ በቀራንዮ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ የሞተሩ ማራገቢያ የሚወስደው ሙቀት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ካርቦን የሌለው ሞተር፣ ማለትም ማግኔቱ የሚዞርበትና ኤሌክትሪኩን በኤሌክትሮኒክ ክፍል የሚያፈራርቀው ዓይነት፣ የካርቦን ሰበቃና ብልጭታ ስለሌለበት የሚግለው ባነሰ ሁኔታ ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም በየሳምንቱ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱን ይመልሳል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣው ድሪል ሁለት ነገር ይፈልጋል። ትርፍ ባትሪ በአውሮፕላን የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ሲሆን፣ ያለ አየር መንገዱ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው፤ 18 ቮልት 5 አምፒር ሰዓት 90 ስለሚሆን ያልፋል፣ 6 አምፒር ሰዓት ግን 108 ነው። ቻርጀሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ ደግሞ በ220 ቮልት መሰካት ማቃጠል ነው። እዚህ የሚገዛ ሰውም ባትሪው መርካቶ ውስጥ ለብቻው የሚገኝለትን ማርካ ይምረጥ፤ ሞተሩና ማርሹ ደህና ሆነው በባትሪ ማጣት የሚጣሉ ድሪሎች ጥቂት አይደሉምና።

ለአብዛኛው የቀራንዮ ቤት ባለ አምስት ሴል፣ ሁለት ፍጥነት ያለው፣ ምቱ የሚጠፋና የሚበራ ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር በቂ ነው። ባትሪ መሆኑ ግን ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረው የ220 ቮልት ሽቦ አያድንም፤ ፑንታው ሽቦውን ቢነካ የድሪሉን የብረት አፍ የያዘ እጅ ይመታል፤ ሽቦውም ብዙ ጊዜ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቀጥ ብሎ ያልፋል። በሶኬት የሚሠራ ድሪል መብራት ሳይኖር አይሠራም፣ የባትሪው ግን ይሠራል፤ ስለዚህ ግድግዳ የሚበሳ ሁሉ አስቀድሞ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ማጥፊያ ያውርድ።