እሬት በጣሳ

ቁልቋልን የማያውቅ ገበሬ የለም። ለአጥር እንተክለዋለን። ከብት አይደፍረውም፤ ድርቅም ቶሎ አይጥለውም። እሬትንም እናውቀዋለን። ሕፃን ጡት እንዲተው እናቶች የሚቀቡት መራራ ተክል ነው። ሁለቱም በክረምት ያገኙትን ውኃ በገላቸው አጠራቅመው በበጋ ይኖሩበታል።

በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ ሰፈር፣ ብዙ ቤት ጓሮ የለውም። በር ሲከፈት መንገድ ነው። ተክል የሚወድ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? ባዶ ጣሳ ይፈልግና በመስኮቱ አጠገብ ይተክላል። ለእንዲህ ያለ ቤት እሬት ይስማማል። ብዙ ቦታ አይዝም፤ ብዙ ውኃም አይጠይቅም።

ለቤት የሚሆነው የትኛው ነው?

ቁልቋልና ቅንጭብ ለቤት ውስጥ አይሆኑም። ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያፈሳሉ። ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ልጆች እየተጫወቱ ይህን ተክል ማስቀመጥ አደጋ ነው። የአጥሩ ቦታ ከአጥር ነው። ስትቆርጡትም ዓይናችሁን ጠብቁ። ወተቱ ዓይን ከነካ አትሹት። ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

እሬት ነጭ ወተት የለውም። ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ግን መራራ ነው፤ ከተጠጣም ሆድን ያስቀምጣል። በተለይ እርጉዝ ሴት መጠጣት የለባትም። ልጆችም እንዳያኝኩት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ስትመርጡ ቅጠሉን በጣታችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ያለ ከሆነ ጤነኛ ነው። ግርጌው ከለሰለሰና ከጠቆረ ሥሩ በስብሷል ማለት ነውና ተዉት። በቅጠሎቹ መካከል እንደ ጥጥ የነጣ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው።

ጣሳውና አፈሩ

መርካቶ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። ስሙ ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ከቆየበት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ካለው ዘመን የቀረ ነው። በመርካቶ የታወቀው ምናለሽ ተራ ግን ስሙ የራሳችን ነው። ‹‹ምን አለሽ?›› ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው። ‹‹ቁራሌው!›› እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩ ሰዎች የገዙት አሮጌ ጣሳና ቆርቆሮ እዚያ ይደርሳል። ተቀጥቅጦም የከሰል ምድጃና ሌላም ዕቃ ይሆናል።

አሮጌ ጣሳ ስትገዙ በፊት ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ወደ ቤት አታስገቡ። የምግብ ዘይት ጣሳ ይበቃል። በሳሙና እጠቡት። ከዚያም ታችኛውን በሚስማር አራት አምስት ቦታ ብሱት። ይህን አትዘንጉ፤ ቀዳዳ በሌለው ጣሳ ውስጥ ውኃ ይተኛል፤ ሥሩም ይበሰብሳል።

መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፤ ውኃ ይዞ ይቀራል። ግማሽ አፈርና ግማሽ ሻካራ አሸዋ ቀላቅሉ።

ውኃ በልክ

ብዙ ሰው ቤት ያለ እሬት የሚሞተው በጥም አይደለም፤ በውኃ ብዛት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠል ሁሉ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። የብዙ ተክሎች ቀዳዳ ቀን ይከፈታል፤ ውኃውም በፀሐይ ይተንናል። እሬት ግን ቀን ዘግቶ ይውልና ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። ስለዚህ ውኃው ቶሎ አያልቅበትም። በየቀኑ ብናጠጣው ከሚፈልገው በላይ እየሰጠነው ነው።

ታዲያ መቼ እናጠጣ? ጣታችንን አፈሩ ውስጥ እናስገባ። እርጥብ ከሆነ እንተወው። ከደረቀ፣ ውኃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጥተን የተጠራቀመውን እንድፋ። በበጋ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ይበቃል። በክረምት ብርዱና ርጥበቱ ስለሚበዛ በወር አንዴም ሊበዛበት ይችላል።

ተክሉ ራሱ ይናገራል። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከለሰለሰ ውኃ በዝቶበታል። ከቀጠነና ከተጨማደደ ጠምቶታል። ገርጥቶ ወደ ላይ ብቻ ከረዘመ ብርሃን አጥቷል፤ ወደ መስኮት አስጠጉት። ጨለማ የለመደውን ግን በአንድ ቀን ወደ ጠራራ ፀሐይ አታውጡት፤ ይቃጠላል። ቀስ በቀስ አለማምዱት።

ልጆቹን ማካፈል

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች አሉ። አንዳንዶቹ ከአገራችን ሌላ የትም አይገኙም። ስለዚህ ከተራራ ላይ ከነሥሩ ነቅለን አንጨርሰው። ቤት ያለው እሬት ሲጎለምስ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ልጆች ያወጣል። ልጁን ከነሥሩ ለዩት። ቁስሉ እንዲደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ አቆዩት። ከዚያ ትከሉት፤ ውኃ የምታጠጡትም ከሳምንት በኋላ ነው።

እንዲህ አንድ ጣሳ ለጎረቤት ይተርፋል። ስትሰጡ ታዲያ ስለ ውኃው ልክና ስለ ቢጫው ፈሳሽ አብራችሁ ንገሯቸው። በዚያም ቤት ሕፃን ሊኖር ይችላል።