ፀሐይ በማትወጣበት ወራት የአየር ብናኝ እንዴት ይለካል?

በአየር ላይ ተንሳፍፈው የሚቆዩ ጥቃቅን ጠጣርና ፈሳሽ ነገሮችን በሙያችን ኤሮሶል እንላቸዋለን። አቧራ፣ ጭስ፣ ጥቀርሻ፣ የባሕር ጨው፣ ከድኝ ጋዝ የሚፈጠረው ሰልፌት ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። የፀሐይን ብርሃን ይበትናሉ፣ ለደመና ጠብታ መነሻ ይሆናሉ፣ ሳንባም ውስጥ ይገባሉ። ይህን ሁላችንም በክፍል ተምረነዋል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን መለኪያው ነው፤ ያውም ፀሐይ ለወራት ብቅ በማትልበት በሰሜን ዋልታ አካባቢ። «ለእኛ ለምድር ወገብ ጎረቤቶች ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ትንሽ ይታገሰኝ እንጂ።

መጀመሪያ ከምናውቀው እንነሳ። በኦቾሎ አለት ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚያይ ሰው፣ ዝናቡ እንዳባራ ሰሞን አባያን ከነማዶው አጥርቶ ያያል። ጥር ላይ ግን ማዶው ይደበዝዛል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይጠፋል። ማዶውን የጋረደው በመካከል ያለው ጭስና አቧራ ነው። ፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ፀሐይ ማየቱና በቁጥር መናገሩ ነው። ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ የደረሰውን ብርሃን ይለካል፣ ከከባቢ አየር ውጪ ሊኖር ከሚገባው ጋር ይነጻጸራል፣ ከጎደለውም ላይ የአየር ሞለኪውሎች፣ ኦዞንና ሌሎች ጋዞች የወሰዱት ይቀነሳል። የተረፈው የኤሮሶል ድርሻ ነው። ይህ ቁጥር ኦፕቲካል ዴፕዝ ይባላል። 0.1 ከሆነ ከአናት በቀጥታ ከሚመጣው ብርሃን 10 በመቶ ገደማውን ብናኝ አስቀርቶታል ማለት ነው፤ 1 ከሆነ ደግሞ የሚደርሰን 37 በመቶው ብቻ ነው። ያው የቢር-ላምበርት ሕግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ምሥጢሩ ያለው «ከከባቢ አየር ውጪ ሊኖር የሚገባው» የምትለዋ ሐረግ ላይ ነው። መሣሪያውን ወደ ጠፈር አንልከውም፤ ታዲያ እዚያ ስንት እንደሚያነብ በምን እናውቃለን? ፀሐይ ከአድማስ ወደ ላይ ስትወጣ ብርሃኗ የሚያቋርጠው የአየር መንገድ እያጠረ ይሄዳል። ንባቡን በሎጋሪዝም ከመንገዱ ርዝመት ጋር በግራፍ ብናስቀምጠው ቀጥተኛ መስመር ይሰጠናል፤ መስመሩን ዜሮ አየር እስከሚሆንበት ብንስበው የጠፈሩን ንባብ እናገኛለን። የላንግሌይ ዘዴ የሚባለው ይህ ነው። አየሩ ለሰዓታት የማይለዋወጥበት ከፍተኛ ቦታ ስለሚፈልግ በሃዋይ ማውና ሎአ ላይና በተነሪፍ ደሴት ኢዛኛ ላይ ይሠራል። ስሌቱ ላይ አንድ ነገር እናስምርበት፦ በጠፈሩ ንባብ ላይ የ1 በመቶ ስሕተት ቢገባ፣ ብርሃኑ ከአናት ሲመጣ በውጤቱ ላይ የ0.01 ስሕተት ያመጣል። ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ ሰሜን እንሂድ። በኦቾሎ የዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው ሦስት ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ነው። በስቫልባርድ ደሴቶች፣ በ79 ዲግሪ ሰሜን ግድም በምትገኘው ኒ-ኦለሰን ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት 10 ገደማ ፀሐይ የሚባል የለም። (ፈረንጆቹ ዊንተር የሚሉትን ክረምት ብለን ስንተረጉመው እንዳንሳሳት፤ የእነሱ ጨለማ የእኛ በጋ ነው። እኛ ፀሐይ ሲያቃጥለን እነሱ ፋኖስ አብርተዋል።) በእነዚህ ወራት የፀሐይ ፎቶሜትር ሥራ ይፈታል። የፀሐይን ነጸብራቅ አይተው ኤሮሶልን የሚገምቱት ሳተላይቶችም እንደዚያው።

«ታዲያ አራት ወር ቢጎድል ምን አለበት? የስምንቱን ወር አማካይ እንውሰድ» ቢባል፣ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካዊው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ መሪ ሚቸል ከአላስካ የሚነሱ የአየር ሁኔታ ቃኚ በራሪዎች በዋልታው ሰማይ ላይ ያዩትን እንግዳ ጭጋግ መዝግቦ የአርክቲክ ጭጋግ አለው። በ1970ዎቹ ግሌን ሾውና ኬነዝ ራን ጉዳዩን ይዘው ተከታተሉት። መጀመሪያ ከእስያ በረሃ የመጣ አቧራ መስሏቸው ነበር፤ በባሮው (ዛሬ ኡትኪያግቪክ በምትባለው የአላስካ ከተማ) አየር በፓምፕ እየተሳበ በማጣሪያ ሲያልፍ የተያዘው ብናኝ ግን ሌላ ታሪክ ተናገረ። ከከባድ ነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ቫናዲየምና ሰልፌት የሚበዛው በጨለማውና ጨለማው ሊያበቃ ባለበት ወቅት ነው። ምንጩም ሺህ ኪሎሜትሮች ርቀው ያሉት የአውሮፓና የእስያ ፋብሪካዎች ናቸው። ለምን በጨለማ በዛ ቢሉ፣ አጥቦ የሚያወርደው ዝናብ የለም፤ መሬቱ ሙቀቱን እየሰጠ ስለሚቀዘቅዝ ከሥር ቀዝቃዛ ከላይ ሞቃት አየር ይነባበራል፣ ያመቀውም አይወጣም። ማለዳ በሸለቆ ላይ ተኝቶ የሚታየውን የምድጃ ጭስ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። እንግዲህ የጎደሉት አራት ወራት ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት አይደሉም። ፀሐይን ብቻ የጠበቀ መለኪያ የጭጋጉን ታሪክ ግማሹን ሳያይ ያልፋል።

ፓምፕና ማጣሪያ ጨለማን አይፈሩም። ግን የሚነግሩን ስለ መሬት ወለል አየር ብቻ ነው፤ ከላይ ሦስትና አምስት ኪሎሜትር ላይ ያለውን አያውቁም። ስለዚህ ሌላ ብርሃን ተፈለገ።

ቅርቧ ጨረቃ ናት። ሙሉ ጨረቃ ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ ስለምትቆም፣ ፀሐይ ከአድማስ ሥር በምትደበቅበት ወቅት እሷ ከፍ ብላ ትወጣለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ በኒ-ኦለሰን ላይ ለቀናት ሳትጠልቅ ሰማዩን ትዞራለች። ተፈጥሮ እዚህ ላይ ደግ ሆናለች። ይሁን እንጂ ሙሉ ጨረቃ እንኳ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ትደክማለች፣ ያም በየሰዓቱ ይለዋወጣል። የላንግሌይ መስመር የብርሃኑ ምንጭ አይለወጥም ብሎ የሚነሳ ስለሆነ ለእሷ እንዲሁ አይሠራም። ስለዚህ የጨረቃን ብርሃን ከቅርጿና ከርቀቷ የሚያሰላ ሞዴል ያስፈልጋል። የታወቀው ሮሎ የተባለው ነው፤ ኪፈርና ስቶን በ2005 ያሳተሙት። የሮሎ አስተማማኝነት ግን ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሳሳታል። ቅድም ያሰመርንባትን እናምጣ፦ 5 በመቶ ማለት 0.05 ነው፤ የዋልታው ኤሮሶል ራሱ ብዙ ጊዜ ከ0.1 አይበልጥም! ጨረቃዋ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን የአየሩ መንገድ እጥፍ ስለሚሆን ስሕተቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቢሆንም የሚለካውና ስሕተቱ ተቀራራቢ ናቸው። መሣሪያውን ቀን በፀሐይ አስተካክሎ ማታ በጨረቃ መጠቀም ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጨረቃ የሌለች ዕለት ኮከብ አለ። የጀርመን ተመራማሪዎች በኒ-ኦለሰን በ1990ዎቹ የኮከብ ፎቶሜትር ተክለው በጨለማው ወራት ለክተዋል። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ አንዱ ከፍ ያለ አንዱ ዝቅ ያለ ሁለት ኮከብ ተራ በተራ ይታያል። በጠፈር ላይ የድምቀት ልዩነታቸው የታወቀ ነው፤ እዚህ የታየው ልዩነት ከዚያ ከራቀ ያራቀው አየሩ ነው፤ የመሣሪያው የራሱ ጠባይ በማካፈሉ ይሰረዛል። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ቴሌስኮፕ ይፈልጋል፣ መስተዋቱ ላይ አመዳይ ይጋገራል፣ ነፋሱም ያንቀጠቅጠዋል።

ሦስተኛው መንገድ ብርሃኑን ራስ ይዞ መምጣት ነው። ሊዳር አጭር የሌዘር ጨረር ወደ ላይ ይተኩስና ተመልሶ የሚመጣውን ይቆጥራል። ከ20 ማይክሮሴኮንድ በኋላ የተመለሰው ከ3 ኪሎሜትር ከፍታ ነው፣ ስለዚህ ብናኙ የቱ ጋ እንደተነባበረ ያሳያል። ጨለማ ለእሱ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ስለማይረብሸው የበለጠ ያያል። ክብ ጠብታ የጨረሩን ፖላራይዜሽን እንደነበረ ይመልሰዋል፣ የበረዶ ቅንጣት ያዛባዋል፤ በዚህም በዋልታ አየር ላይ የሚንሳፈፉትን የበረዶ ቅንጣቶች ከጭጋጉ መለየት ይቻላል። ፖላርሽተርን የተባለችው የጀርመን መርከብ ከ2019 እስከ 2020 ከባሕር በረዶ ጋር ተያይዛ ስትንሳፈፍ የያዘችው ሊዳር በጨለማው ወራት ሁሉ በታችኛው ስትራቶስፌር አንድ የብናኝ ንብብር አሳየ። የሊዳሩ ባለቤቶች ከሳይቤሪያ ደን ቃጠሎ የመጣ ጭስ ነው አሉ፤ ሌሎች በ2019 ከፈነዳው ከራይኮኬ እሳተ ገሞራ የወጣ ሰልፌት ነው ብለው ሞገቱ። ክርክሩ ራሱ ያስደስታል፤ ያለ ሊዳሩ ግን የሚከራከሩበት ነገር አይኖርም ነበር።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ቀን ቀን ብናኝ በአብዛኛው ምድርን ያቀዘቅዛል። በጨለማ ግን የሚመለስ የፀሐይ ብርሃን የለም፤ ብናኙ የስሱን ደመና ጠብታዎች ያበዛና ደመናው ሙቀትን ወደ መሬት እንዲመልስ ያደርገዋል። ሉቢንና ፎግልማን በ2006 ከባሮው መረጃ ተነስተው ይህ ጭማሪ በአማካይ በካሬ ሜትር 3.4 ዋት እንደሚሆን አሳይተዋል። በበረዶ አገር ይህ ቀላል አይደለም።

አሁን የታገሰኝ አንባቢ ዋጋውን ይቀበል። እኛም በየቀኑ የ12 ሰዓት የዋልታ ጨለማ አለን። ቴራና አኳ የተባሉት ሳተላይቶች ለረጅም ዓመታት በላያችን ሲያልፉ የነበሩት አንዱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሌላው ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ከኮምፒውተር የምናወርደው የኤሮሶል መረጃ በአብዛኛው የእነዚህ ነው። በኦቾሎ ግን እራት የሚበስለው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው። ጭሱ ከየቤቱ ወጥቶ በቀዘቀዘው አየር ሥር የሚተኛውም ያኔ ነው፤ በማግስቱ ሳተላይቱ እስኪደርስ ፀሐይ አሙቃ በትናዋለች። በምድጃው ዙሪያ የሚያመሹት እናትና ሕፃን የሚተነፍሱት አየር በዚያ አማካይ ውስጥ የለም። በዝናቡ ወራት ደግሞ ደመናው ቀኑንም ይጋርደዋል። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 ጀምሮ ያሠራው የመሬት ላይ ቆጣሪ ሌት ተቀን በየሰዓቱ ስለሚመዘግብ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ለሕዝብ የሚተላለፈው ንባብ ግን በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል።

ለኦቾሎ ሌዘር አያስፈልግም። የባሮው ፓምፕና ማጣሪያ ይበቃል። በሰዓት 1 ሜትር ኩብ አየር የሚስብ ፓምፕ ከማታው 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አንድ ማጣሪያ፣ ከጠዋቱ እስከ ማታው ሌላ ማጣሪያ ይዞ ይሠራል። አየሩ በሜትር ኩብ 50 ማይክሮግራም ብናኝ ቢይዝ በአንድ ሌሊት የሚከማቸው 600 ማይክሮግራም ነው፤ በተራ ሚዛን አይታይም፣ የማይክሮግራም ሚዛን ባለው ላቦራቶሪ ግን ይመዘናል። መብራት በሚቋረጥበት ሌሊት ፓምፑ ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚመዘግብ ቆጣሪ መጨመር አለበት፤ አለዚያ አየሩን በምን እናካፍለዋለን?