የሕንፃ ሹሙ ምን ያያል?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ወሰን አካባቢ፣ ግድግዳ የሚጋሩ መኖሪያ ቤቶችን በረድፍ ሠርቶ ለመሸጥ ያሰበ አልሚ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ሰነዱን ፈቃድ ለሚሰጠው የሕንፃ ሹም ማቅረብ አለበት። ይህን ኃላፊነት የደነገገው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የሹሙ ሥራ የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ነው።

አዋጁ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈላቸው። ፎቅ የሌለው የግል መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ነው። ያው ቤት ለሪል ስቴት ከተሠራ ግን ምድብ «ለ» ይሆናል። ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ይመስለኛል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ጥፋቱን እዚያው እየኖረ ያየዋል፣ ሠርቶ የሚሸጥ ግን ለገዢው ትቶለት ይሄዳል። ከፍታው ከ12 ሜትር ካለፈ ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። አንዱ ወለል 3 ሜትር ቢሆን ጂ ፕላስ ቱ «ለ» ላይ ይቆያል፤ አንድ ፎቅ ሲጨመርበት ግን ወለሎቹ ብቻቸውን 12 ሜትር ይሞላሉ፣ ጣሪያው ሲታከልም ያልፋል፣ ምርመራውም ይጠብቃል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የፕላን ስምምነት ነው። ካርታው ላይ ያለው ይዞታ ከከተማው ፕላን ጋር ይነጻጸራል፦ ቦታው ለመኖሪያ ተፈቅዷል ወይ? መንገድ ወይም ወንዝ ዳር ይነካል ወይ? ስንት ፎቅ ይችላል? የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ንድፎች የሚመረመሩት ከዚህ በኋላ፣ ለግንባታ ፈቃዱ ነው። ፕላኑ ላይ መስመር ማዛወር የወረቀት ሥራ ነው፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ማፍረስ ነው።

ወሰን ላይ ከሁሉም በላይ መታየት ያለበት ውሃው ነው። መሬቱ ከእንጦጦ ወደ ታች ያዘነብላል፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብም ፋታ አይሰጥም። የአንዱ ቤት ጣሪያ 80 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ውሃ ያወርድበታል። በረድፍ የቆሙ 12 ቤቶች ካሉ 9,600 ሊትር ይሆናል። ቀድሞ አፈሩ ይመጠው የነበረው ይህ ውሃ አሁን ወዴት ይሄዳል? የሳኒተሪው ንድፍ መውረጃውን ከመንገዱ ቦይ ጋር ካላገናኘው ከታች ያለው ጎረቤት ግቢ ይገባል። ተዳፋቱ ሲቆረጥ የሚሠራው የድጋፍ ግንብም ከኋላው የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ከሌለው መገፋቱ አይቀርም።

ገዢዎችን የሚመለከት ሌላ ሕግም አለ። የ1995ቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 የሚሠራው ለፎቅ ብቻ አይደለም፤ በተናጠል ባለቤትነት የተያዙ አምስትና ከዚያ በላይ ቤቶችና የጋራ መጠቀሚያ ያሏቸውን የረድፍ ቤቶችም ያቅፋል። መግቢያው፣ ቦዩና የጋራው ግድግዳ የማን እንደሆነ በንድፉ ላይ ካልተለየ ጠቡ የሚጀምረው ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ ነው።

በሌሎች አገሮች ብዙ ከተሞች እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቀርብ ጎረቤቶችን በአደባባይ ይሰማሉ። እኛ ዘንድ ነዋሪው የሚሰማው በዋናነት የከተማው ፕላን ሲዘጋጅ ነው። ለተዳፋት ሰፈር ይህ አይበቃም፤ ቢያንስ ከግንባታው በታች ያሉ ነዋሪዎች የፍሳሹን ንድፍ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት ሊያዩት ይገባል። ለቅሬታ ግን በር አለ፤ የሕንፃ አዋጁ በሕንፃ ሹሙ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል።

እንዲህ ያለ ቤት ለመግዛት ካሰቡ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የፕላን ስምምነቱን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የሳኒተሪውን ንድፍ አንድ ላይ ይጠይቁ።