ስለ ሶማሌ ሕዝብ ኑሮና በመዝገብ ስለ ተጻፈው ገቢ

የሕዝብን ኑሮ ለማወቅ የሚሻ መንግሥት ሁለት ምስክር አለው፤ አንደኛው ዓይን ነው፥ ሁለተኛውም መዝገብ ነው። ዓይን የሚያየው ቅርቡንና ጥቂቱን ነው፤ መዝገብ ግን ሩቁንና ብዙውን በአንድ ገጽ ላይ ሰብስቦ ያሳያል። ስለዚህ በዛሬው ዘመን ያሉ መንግሥታት የአገራቸውን ሀብት በቍጥር እየጻፉ፥ የተጻፈውንም በሕዝቡ ብዛት እያካፈሉ፥ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት ይህን ያህል ይደርሰዋል ይላሉ። ሥራው መልካምና አስፈላጊ ነው። ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት የግብፅን እህል በየከተማው ባያከማች ኖሮ በሰባቱ የራብ ዓመታት ሕዝቡ ባለቀ ነበር።

ሆኖም መዝገብ የሚያየው ወደ መዝገብ የመጣውን ብቻ ነው። በቤተ መቅደስ መባ በሚሰበሰብበት ሣጥን ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት በገንዘብ ያዥ ደብተር ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ስሟ ከሁሉ በታች በተገኘ ነበር፤ ጌታችን ግን ከሁሉ አብልጣ እንደ ሰጠች መሰከረላት፤ እርሱ የተመለከተው የተጣለውን ብቻ ሳይሆን በቤቷ የቀረውን ጭምር ነውና። በቍጥርና በኑሮ መካከል ያለው ይህ ልዩነት በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ እንደሚታየው ያህል ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት በጃንዋሪ 1991፥ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በጥር 1983 ዓ.ም.፥ ፕሬዚዳንት ሲያድ ባሬ ከሞቃዲሾ በሸሹ ጊዜ ወደቀ። ከመንግሥቱም ጋራ የቈጠራው ሥራ አብሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በዓለም ባንክ መዝገብ ውስጥ የሶማሊያ የምርት ዓምድ ባዶውን ቆየ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት መሥሪያ ቤት አገሮችን በትምህርት፥ በጤናና በገቢ እያነጻጸረ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥም ሶማሊያ ለብዙ ዓመታት አልገባችም ነበር፤ በ2024 በወጣው መግለጫ በገባች ጊዜ ከ193 አገሮች የመጨረሻውን ስፍራ ያዘች። በ2022 እና በ2023 የተገመተው የአንድ ሰው የዓመት ድርሻ 600 ዶላር ገደማ ነው፤ ይህም በቀን ከ2 ዶላር በታች ማለት ነው።

ይህ የነፍስ ወከፍ ድርሻ የሚገኘው አንዱን ቍጥር ለሌላው በማካፈል ነው፤ በሶማሊያ ግን ተካፋዩም አካፋዩም በግምት የቆሙ ናቸው። የሕዝብ ቈጠራ በ1975 ተደርጎ ነበር፤ በ1986 እና በ1987 የተደረገው ሁለተኛው ቈጠራ ግን ውጤቱ በሙሉ ሳይወጣ ቀረ። በ2014 የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ጉዳይ ድርጅት ባደረገው የግምት ጥናት ሕዝቡ 12 ሚሊዮን 300 ሺህ ያህል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራባቸው ግምቶች ደግሞ ወደ 18 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ለምሳሌ የአገሩ ምርት 10 ቢሊዮን ዶላር ነው ቢባል፥ ለ12 ሚሊዮን ሕዝብ ሲካፈል ለአንዱ ሰው ከ830 ዶላር በላይ ይደርሰዋል፤ ለ18 ሚሊዮን ሲካፈል ግን 555 ዶላር ብቻ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ፍየል እንኳ ሳይሞት፥ አንድ ጆንያ እህልም ሳይጨመር፥ ሰው በወረቀት ላይ ሊደኸይ ወይም ሊበለጽግ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ከመዝገብ የሚያመልጡ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መንጋው ነው። በ2014ቱ ጥናት ከሕዝቡ አራተኛው እጅ ያህል ከብት እያረባ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ የሚዘዋወር ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ ሕዝብ ምግብ በገበያ ሳያልፍ ከግመሏ ጡት ወደ ጮጮው፥ ከጮጮውም ወደ ልጁ አፍ የሚሄድ ወተት ነው። የሒሳብ ደንቡ በቤት የሚበላውና የሚጠጣው ምርት ሁሉ ይቈጠር ይላል፤ ነገር ግን በየምድረ በዳው ማለዳና ማታ የሚታለበውን ወተት ማን ቆሞ ይሰፍረዋል? በወደብ በኩል የሚያልፈው ግን ይታያል። በ2015 ከበርበራና ከቦሳሶ ወደቦች በተለይ ወደ ዓረብ አገሮች የተጫነው ግመል፥ በግ፥ ፍየልና ላም ከ5 ሚሊዮን በላይ እንደ ነበረ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት አስታውቋል። በ600 ዶላር ድርሻ ስሙ የሚጠራ አገር ይህን ያህል እንስሳ በአንድ ዓመት መሸጡን የሚሰማ ሰው ቍጥሩን ሁለተኛ ሊመረምር ይገባዋል።

ሁለተኛው ከዘመድ የሚላከው ገንዘብ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ብዙ ሶማሌዎች በነዳጅ ዘይት ወደ በለጸጉት የዓረብ አገሮች ለሥራ ሄዱ፤ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላም ብዙዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ተበተኑ። ነጋዴዎች በባዕድ አገር ካለው ሠራተኛ የውጭ ገንዘብ እየገዙ ዕቃ ያስገቡበት የነበረው ፍራንኮ ቫሉታ የተባለው ሥርዓት በኢትዮጵያም ስሙ የታወቀ ነው። በኋላ ሐዋላ ተስፋፋ፤ በ1970 በቡርዖ ከተማ የተመሠረተው ዳሀብሺል ከእነዚህ ድርጅቶች አንዱ ነው። በ2015 ገደማ ወደ ሶማሊያ የሚላከው ገንዘብ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር እንደማያንስ ይገመት ነበር። ይህ ገንዘብ በአገር ውስጥ የተመረተ ስላልሆነ በአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት ሒሳብ ውስጥ አይገባም፤ ይህም የሒሳብ አዋቂዎች ስሕተት ሳይሆን ደንቡ ነው። ስለዚህ የሶማሊያ ቤተ ሰቦች በዓመት የሚያወጡት ወጪ ከአገሩ ምርት በላይ ሆኖ ሲገኝ የሚደነቅ ሰው፥ በአንዱ ገጽ የተጻፈውን ከሌላው ገጽ ጋራ ሳያስተያይ የቀረ ሰው ነው።

ሦስተኛው ያለ ወረቀት የሚደረገው መረዳዳትና ንግድ ነው። በሶማሌ ባህል የአንዱ ጎሳ ልጅ ችግር ሲደርስበት ወገኑ ያዋጣለታል፤ በሃይማኖታቸው የታዘዘውም ዘካ ለድኻው ይሰጣል፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ከዘመዱ የምታለብ ግመል በውሰት ያገኛል። ይህ ሁሉ በማንም ደብተር አይጻፍም፤ ነገር ግን ጦም ከማደር ያድናል።

በዚህ ምክንያት ከጥንት ጀምሮ በቍጥሩ ላይ የተከራከሩ ሊቃውንት አሉ። በ1988 ቫሊ ጀማል የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ስለ ሶማሊያ በጻፈው ጥናት፥ በመንግሥት መዝገብ የተጻፈው ገቢ እውነት ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ በልቶ ማደር ባልቻለ ነበር፤ ስለዚህ ከብቱና ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ በሚገባ አልተቈጠረም ሲል ተከራከረ። በ2007 ደግሞ ፒተር ሊሰን የተባለው አሜሪካዊ መምህር መንግሥቱ ከመውደቁ በፊት የነበሩትን ዓመታትና ከወደቀ በኋላ ያሉትን በ18 መለኪያዎች አነጻጽሮ በ14ቱ መሻሻል አገኘሁ አለ። ይህን የሰሙ አንዳንዶች የሶማሌ ሕዝብ ድኽነት የወረቀት ድኽነት ብቻ ነው እስከ ማለት ደርሰዋል።

ነገር ግን ከእውነት የራቀው ይህኛውም አነጋገር ነው። የቫሊ ጀማል ጥናት ከወጣ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይቆይ፥ በ1991 እና በ1992 ጦርነቱና ድርቁ በአንድነት መጥተው፥ በግምት ከ200 ሺህ የማያንስ ሕዝብ በራብና በበሽታ አለቀ። በ2011 በደረሰው ራብ ደግሞ 260 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ፥ ከእነርሱም እኩሌቶቹ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት እንደ ነበሩ ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናት አስረዳ። ዝናቡ በተከታታይ በቀረበት ዘመን በ2022 ብቻ 43 ሺህ ሰው ከወትሮው በላይ እንደ ሞተ ተገምቷል። ያልተቈጠረው ሀብት በእነዚህ ጊዜያት ወዴት ነበር ቢባል መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። መንጋው በድርቅ አለቀ፤ መንገዱ በጦር ተዘጋ፤ የእህሉ ዋጋ ወጣ፤ የሚረዳው ዘመድም ራሱ ተረጂ ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ሀብቱ በእኩል አለመድረሱ ነው። በ2011 ከሞቱት ብዙዎቹ በባይ፥ በባኮልና በታችኛው ሸበሌ አውራጃዎች የሚኖሩ አራሾችና ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ያልነበራቸው ናቸው። ከለንደን ወይም ከሚኒሶታ በየወሩ 200 ዶላር የሚላክለት ቤትና ምንም የማይላክለት ቤት ሲደመሩና ለሁለት ሲካፈሉ እያንዳንዱ 100 ዶላር አገኘ ይባላል፤ በሁለተኛው ቤት ግን ምድጃው አልነደደም። አማካይ ቍጥር ወንዝን እንደሚሻገር ሰው ነው፤ ወንዙ በአማካይ እስከ ጉልበት ነው ቢባል መካከሉ ላይ የሚሰምጥ ሰው ከመስመጥ አይድንም።

ኋላ ኋላ የተደረጉት የቤተ ሰብ ጥናቶች ይህን ጕድለት በመጠኑ አስተካክለዋል፤ የሚጠይቁት ምን ተመረተ ብለው ሳይሆን ምን ተበላ፥ ምንስ ወጪ ሆነ ብለው ነውና። የዓለም ባንክ በ2017 እና በ2018 ባደረገው ጥናት ከ100 ሰው 69ኙ ከድኽነት ወለል በታች ሆኖ ተገኘ። የሶማሊያ የስታቲስቲክ መሥሪያ ቤት በ2022 ባደረገው ጥናት ደግሞ 54 ያህሉ ድኻ ተባለ፤ ከተዘዋዋሪዎቹ ከብት አርቢዎች መካከል ግን ከ100 ወደ 78 ይደርሳል። ሁለቱን ጥናቶች አስተያይቶ ድኽነት በዚህ ያህል ቀነሰ ለማለት የሚቸኵል ሰው አስቀድሞ ይጠንቀቅ፤ የመጀመሪያው በዓለም አቀፍ መለኪያ፥ ሁለተኛው በአገሩ መለኪያ የተሠራ ነውና፥ በሁለት ልዩ ልዩ ቍና የተሰፈረ እህል አይመዛዘንም።

እንደዚሁም በስልክ ስለሚተላለፈው ገንዘብ የሚነገረው ያሳስታል። በሶማሌዎች ዘንድ ሻይ የሚሸጠውም፥ ወተት የምትሸጠውም ዛሬ ዋጋቸውን በስልክ ይቀበላሉ። በ2018 የዓለም ባንክ ባወጣው መግለጫ በዚህ መንገድ በወር 2 ቢሊዮን 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይተላለፍ ነበር። ይህ በዓመት ከአገሩ ምርት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን አንድ ዶላር በቀን በአሥር እጅ ቢያልፍ አሥር ጊዜ ይቈጠራል እንጂ አሥር ዶላር አይሆንም። ከዚህ ተነሥቶ ሕዝቡ ባለጠጋ ነው የሚል ሰው፥ የሚመላለሰውን ውኃ እያየ ጕድጓዱ ሞልቷል እንደሚል ሰው ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መንግሥት ሹማምንት የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በሶማሌ ክልል የሚኖረው ሕዝብ በ2007ቱ ቈጠራ 4 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ነበር፤ ኑሮውም ከድንበር ማዶ ካሉት ወገኖቹ ጋራ የተሳሰረ ነው። ከጅጅጋና ከኦጋዴን ሜዳ ተነድቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚያልፈው በግና ግመል በበርበራ ሲጫን የበርበራ ሽያጭ ሆኖ ይጻፋል፤ በምላሹ የሚገባው ሩዝ፥ ስኳርና ጨርቅም ብዙውን ጊዜ በጉምሩክ መዝገብ አይገኝም። እስከ 2011 ድረስ በተደረጉት የኢትዮጵያ የቤተ ሰብ ገቢና ወጪ ጥናቶች ውስጥም ከአፋርና ከሶማሌ ክልሎች ነዋሪያቸው ተዘዋዋሪ የሆነ ዞኖች ሳይገቡ ቀርተዋል። በጥናቱ ያልተጠየቀ ሕዝብ በጥናቱ ውጤት ሲመደብለትና ሲቀነስበት መኖሩ ፍርድ ያጐድላል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቍጥርን መናቅ አይገባም፤ ቍጥር የሌለው አገር ልመናውም ሆነ ዕዳው የሚታወቅለት አይደለም። ሶማሊያ በዲሴምበር 2023 የ4 ቢሊዮን 500 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ የተሰረዘላት ሒሳቧን በደንብ መያዝ ከጀመረች በኋላ ነው። ነገር ግን በድርሻው ቍጥር አጠገብ ሌሎች ምስክሮች ሊቆሙ ይገባል። ከእነርሱም ዋነኛው በሶማሊያ የራብን ምልክት የሚከታተሉ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነው፤ ይኸውም አንድ ፍየል በገበያ ስንት ኪሎ እህል ያስገኛል ብሎ መጠየቅ ነው። ፍየሉ ሲከሳና እህሉ ሲወደድ ይህ ልውውጥ ይወርዳል፤ የዓመቱ የምርት ሒሳብ ተደምሮ ሳያልቅ ገና ከብዙ ወራት በፊት ራብ እንደሚመጣ ይናገራል። ከዚህም ጋራ የሚታለበው መንጋ ብዛት፥ የሕፃናቱ ክንድ መጠን፥ ከውጭ የሚላክለትና የማይላክለት ቤት ተለይቶ ሊታወቅ ይገባል።

በመዝገብ ላይ የሚፈርም ባለሥልጣን ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛው ቍጥሩ ትንሽ ነው ብሎ ሕዝቡን ምንም እንደሌለው መቍጠርና ያለውን መንጋ፥ ንግዱንና የዘመድ መረዳዳቱን በማያስፈልግ ትእዛዝ ማፍረስ ነው። በኖቬምበር 2001 የአሜሪካ መንግሥት በሽብር ተጠርጥሮ የነበረውን አል ባረካት የተባለውን የሐዋላ ድርጅት በዘጋ ጊዜ፥ የተቈረጠው ገንዘብ በማንም የአገር ምርት ሒሳብ አልታየም፤ በየቤቱ ግን ታየ። ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ያልተቈጠረ ሀብት አላቸው ብሎ በክፉ ቀን እጅን ማጠፍ ነው። ከሁለቱም የሚድነው መዝገቡን በእጁ ይዞ ዓይኑን ከሕዝቡ የማያነሣ ሹም ነው፤ በሚዛን ላይ የተቀመጠው ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሰው ነፍስ መሆኑን ያውቃልና።