ኳሷ ከተነጠቀች በኋላ

በገና ጨዋታ ያደገ የአዊ ልጅ የሜዳ ሆኪን ግማሽ ያውቀዋል፦ ቆልማማ ዱላ፣ መሬት ለመሬት የምትከንፍ ኳስ፣ የሚፋለም ሁለት ወገን። ሌላው ግማሽ ነው የሚያስቸግረው። ገና ላይ እሩሯን፣ ማለትም ኳሷን፣ ያገኘ ሰው ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ አርቆ መጠለዝ ነው ልማዱ። በሆኪ ግን ግብ የሚቆጠረው አጥቂው ከግቡ 14.63 ሜትር ላይ በተሰመረው ከፊል ክብ ውስጥ ሆኖ ኳሷን ሲነካት ነው፤ ከመሀል ሜዳ ተመትታ ቀጥታ የገባች ኳስ ዋጋ የላትም። ስለዚህ መልሶ ማጥቃትን የሚያሠለጥን ሰው መጀመሪያ ያንን ጥልዘት ያስረሳል።

ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ጉግስ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ሲያሳድድ የነበረው ልጓሙን እስኪያዞር ጀርባው ክፍት ነው። ሆኪ ላይም ለማጥቃት የወጣ ቡድን እስኪመለስ ያለው ጥቂት ሰከንድ ነው። የነጠቀው ተጫዋች ቀና ብሎ ይይ፤ የመጀመሪያዋ ቅብብል ኳሷን ከግርግሩ ታውጣት። ፊት ያለው አጥቂ ወደ ኳሷ አይምጣ፣ ወደ ክፍቱ ቦታ ይሩጥ። «ከጨዋታ ውጪ» የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ስለቀረ የሚከለክለው የለም። የዱላው ጠፍጣፋ ገጽ በግራ በኩል ብቻ በመሆኑ ተከላካይ በቀኙ ጠንካራ፣ በግራው ደካማ ነው፤ ሰው ማለፍ ካስፈለገ በግራው በኩል ይታለፍ።

ከሁሉ የሚጥመኝ የመልሶ ማጥቃት አጋጣሚ ፔናልቲ ኮርነር ነው፤ ለአጥቂው ቡድን የሚሰጥ የቅጣት ምት። ተከላካዩ ቡድን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ 5 ሰው ብቻ በግቡ መስመር ያሰልፋል፤ የቀሩት 6ቱ ከመሀል መስመር ማዶ ይቆማሉ። አጥቂዎቹ ደግሞ ክቡን ከበው ነው ያሉት። ምቱ ከከሸፈና ኳሷ በፍጥነት ወደ መሀል ከወጣች፣ ቅጣት የተባለው ለተቀጪው ሲሳይ ይሆናል።

ልምምዱ ቀላል ነው፦ 3 አጥቂ በ2 ተከላካይ ላይ፣ ሦስተኛ ተከላካይ ከኋላ እየሮጠ ሳይደርስባቸው ይምቱ። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች እንዲህ ያለ ሩጫ የአገሬውንም ልጅ ትንፋሽ ያሳጥራል። ደግነቱ የሆኪ ቅያሪ ገደብ የለውም፤ የወጣ ተመልሶ ይገባል። ፈጣኖቹን ለጥቂት ደቂቃ አስሩጦ ማሳረፍ ይቻላል።

ተከላካዮቹ ቀድመው ከተሰበሰቡ ግን መሮጡ ኳስ ማስረከብ ነው። ያኔ ቆም ብሎ ወደ ኋላ ማቀበል ይሻላል፤ ጎረምሶችን ይህን ማስለመድ ከሩጫው ይልቅ ጊዜ ይወስዳል።