ለመጽሐፍ ውይይት ስንት ወንበር እናውጣ?

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የመጽሐፍ ውይይት የሚያዘጋጅ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ስንት ሰው ይመጣል? የፊርማ ወረቀቱ መልስ የሚሰጠው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ጉግል ፎርም ግን ከቀናት በፊት ፍንጩን ይሰጣችኋል፣ ያውም በነፃ። ጂሜይል ካላችሁ ስምና ስልክ የሚጠይቅ ቅጽ ሠርታችሁ ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ትለቃላችሁ፤ ቅጹን ከጉግል ሺትስ ጋር አንዴ ካያያዛችሁት መልሱ ሁሉ ሰንጠረዡ ውስጥ በራሱ ይገባል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልውሰዳችሁ። እኛ አገር ሰውን በስሙ ከዝርዝር ውስጥ መፈለግ ፈተና ነው። አንዱ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ብሎ ይጽፋል፤ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ይሞላል። ለጆሯችን አንድ ስም ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ሦስቱንም ለየብቻ ያያቸዋል። ስለዚህ መለያችሁ ስልክ ቁጥር ይሁን። እሱም የራሱ አመል አለው፤ ሺትስ በ09 የሚጀምረውን እንደ ሒሳብ ቁጥር ቆጥሮ የፊተኛዋን ዜሮ ሊጥላት ይችላል፤ +251 ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። መላው ቀላል ነው፦ ቁጥሩ ያለ ክፍት ቦታ እንዲጻፍ ቅጹ ላይ አሳስቡ፤ ከዚያ ራይት በሚባለው ቀመር የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ለይታችሁ አወዳድሩ። ሁለቴ የተመዘገበ ሰው ወዲያው ይታያል።

ሰዓቱንም አደራ! ውይይቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ከሆነ፣ በስልኩ ካላንደር ላይ 8፡00 ብሎ የመዘገበ እንግዳ ማስታወሻው የሚደርሰው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ላይ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት።

በዕለቱ ሰንጠረዡን በስልካችሁ ከፍታችሁ፣ በእንግዳው ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ፈልጋችሁ፣ የመጣውን ምልክት ማድረግ ነው። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ፋይሉ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ቀድማችሁ አስተካክሉ። ሳይመዘገብ ለመጣ ሰው የቅጹን ኪውአር ኮድ በሩ ላይ ለጥፉ። ስማርት ስልክ ላልያዘ ግን እስክሪብቶና ወረቀት ይቀመጥ።

ነፃ ዝግጅት ላይ የተመዘገበ ሁሉ አይመጣም። የተመዘገበውንና የመጣውን ጎን ለጎን ስታዩ፣ ከጥቂት ዝግጅቶች በኋላ የሚበቃውን ወንበር ትገምታላችሁ።

የሰው ስልክ የያዘውን ሰንጠረዥ ግን ሊንኩን ላገኘ ሁሉ ክፍት አታድርጉት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የማያስፈልጋችሁን አትጠይቁ፣ ሲያበቃም ቁጥሮቹን አጥፉ።