ስለ ቴሌቪዥን ልብ ወለድ ትርኢትና በዕቃ ቤት ተረስተው ስለሚቀሩ ፊልሞች

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ሥራ መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው እንደ ሕፃን ጨዋታ ስለሚቈጥረው፥ እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ እስከ አሁን ስለምንወደው ነገር ልንጽፍ ፈቀድን፤ ይኸውም ስለ ከዋክብት ጉዞ፥ ስለ መናፍስትና ስለ ወንጀል ምርመራ በቴሌቪዥን የሚታየው ልብ ወለድ ትርኢት ነው። ይህ ፍቅር በፍርድ ቤት መዝገብ ለሚጽፍ ሰው አይገባም የሚለን ቢኖር አንከራከረውም።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬ እየተባሉ የሚጠሩት፥ አስቀድሞም ወደ ኮርያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ሄደው የነበሩት አቶ ተስፋዬ ሣህሉ፥ ከዚያው ከመጀመሪያው ዘመን አንሥቶ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘኑላቸው ከልጆቹ ይልቅ ጠጕራቸው የሸበተ ሰዎች ነበሩ። አንበሳና ጦጣ የሚነጋገሩበትን ተረት ከእርሳቸው አፍ የሰማ ልጅ፥ ኋላ ሰው በብረት መርከብ ወደ ጨረቃ ሲሄድ በሥዕል ቢያይ ብዙ አይደንቀውም።

በ1977 ዓ.ም. ሥርጭቱ ባለ ቀለም ሆነ ሲባል፥ በኮልፌ በእኛ መንደር የነበረው አንድ ቴሌቪዥን ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ያሳይ ነበር። የቤቱ ጌታ ከአጣና ተራ ረጅም ባሕር ዛፍ ገዝተው አንቴናውን በእርሱ ላይ ሰቀሉት፤ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር አንዱ ልጅ ወጥቶ እንጨቱን ያዞራል፥ እኛም ከውስጥ ሆነን «ትንሽ ወደ ቀራንዮ! አሁን መለስ አድርገው!» እያልን እንጮኻለን። እንጨቱን የሚያዞረው ልጅ ትርኢቱን ስለማያይ፥ ሲያበቃ ሁሉን መተረክ የእኛ ፈንታ ነበር። ተራኪነትን የተማርነው በዚህ ይመስለናል።

በማግሥቱ በቄስ ትምህርት ቤት ይህንኑ በከዋክብት መካከል የሚሄድ ሰው ታሪክ ለጓደኞቻችን ስናወራ የኔታ ሰሙን። አለንጋው ይመጣል ብለን ስንፈራ፥ «እስቲ ድገመው» አሉን። ጨርሰን ዝም ባልን ጊዜም፥ «ሄኖክ የነፋሳትን መዛግብት አይቷል፤ ትእዛዝ ተላልፈው የታሰሩትንም ሰባት ከዋክብት አይቷል። የአንተ ሰውዬ ምን አየ?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ ጥያቄያቸው ግን ያንን ትርኢት ሁሉ የምንመዝንበት ሚዛን ሆኖልን ቀረ።

ከዚያ በኋላ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ፥ ኋላም በሳህን አንቴና ከዐረቦች ጣቢያ፥ ከሥር የዐረብኛ ጽሕፈት እያየን ብዙ ተመለከትን። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ የረዳን፥ የእነዚህን ትርኢቶች ታሪክ ለማንበብ ነው። በዚህም ንባብ ዶክተር ሁ ስለሚባለው የእንግሊዞች ትርኢት አንድ የሚያስገርም ነገር አገኘን። ይህ ትርኢት ከውጭ ትንሽ፥ ከውስጥ ግን ሰፊ በሆነ የፖሊስ ስልክ ሣጥን ገብቶ ዘመናትን ስለሚሻገር ሰው የሚናገር ሲሆን፥ መታየት የጀመረው በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነው። ቢቢሲ የተባለው ድርጅት ግን የመቅረጫው ክር ውድ ስለ ነበረ አሮጌውን እያጠፋ አዲስ ቀረጸበት፤ ፊልሞቹንም አቃጠለ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ከተሠሩት ክፍሎች ከ90 የሚበልጡት ዛሬ በድርጅቱ ዘንድ የሉም።

ከማጥፋቱ አስቀድሞ ግን ድርጅቱ ቅጂዎቹን በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም እያወጣ ለውጭ አገሮች ይሸጥ ነበር። ከገዙትም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ፊልሙ የታየበት አገር ሲጨርስ ለሌላው አገር ማስተላለፍ፥ ወይም መመለስ፥ ወይም ማጥፋት ነበረበት፤ ትእዛዙ ሁሉ ጊዜ ባለመፈጸሙ ግን በ2006 ዓ.ም. በናይጄርያ ጆስ ከተማ በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ተረስተው የቆዩ 9 የጠፉ ክፍሎች መገኘታቸው ተገለጸ።

ይህን ባነበብን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ጐልማሳ ሳለን፥ በመንደራችን ፊልም በማሳየት ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት ዐርፈው፥ ቤተ ሰቦቻቸው ዕቃ ቤቱን እንድናጸዳ ለመኑን። በውስጡ ክብ ክብ ቆርቆሮዎች ተደርድረው ነበር፤ ሲከፈቱም እንደ ሆምጣጤ ይሸታሉ። ከአንዱ ክንድ የሚያህል ስበን ወደ ፀሐይ ብናነሣው፥ በር አጠገብ የቆመ ጢማም ሰው ታየን። ወዲያው ቆራሌው በደጅ ሲጮኽ ሰማን፤ ጠራነውና ሁሉን ሸጥንለት። ገንዘቡን ለቤተ ሰቡ ሰጠን፥ እነርሱም መረቁን።

እንደ መዝገብ ሰው ስንመዝነው ይህ ማስረጃ አይባልም። ጢማሙ ሰው የእርሻ መምህር ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንኳ የአገራችን የእርሻ ፊልም መጥፋቱ ከእንግሊዞቹ ትርኢት መጥፋት የሚያንስ ጕዳት አይደለም፤ ምናልባትም ይበልጣል።

ስለዚህ በቤታችሁ ወይም በአባቶቻችሁ ዕቃ ቤት እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ያላችሁ፥ ፊልሙን አትዘርጉት፤ ከፀሐይና ከእሳት አርቃችሁ በቀዝቃዛና በደረቅ ስፍራ አኑሩት። የሆምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መበላሸት ጀምሯልና ከሌሎቹ ለዩት። በክዳኑ ላይ ጽሕፈት ቢኖር ሳይጠፋ ገልብጡት፤ ከዚያም ወደ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ በተለምዶ ወመዘክር ወደምንለው ስፍራ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ያን ጊዜ ከቆርቆሮዎቹ ክዳን አንዱን ለእናታችን አስቀርተን ነበር። እስከ ዛሬ በኮልፌ ቤታቸው አለ፤ በርበሬ ሲቀነጥሱ ዘሩን ያጠራቅሙበታል። በላዩ ተለጥፎ የነበረውን ወረቀት ገና ያን ጊዜ በአመድ ፈትገው አጥበውታል።